ደላላው ከእኛ ቀድሞ ይሰማቸዋል

የዕድሜ እኩዮቼ፣ ይህ ቃል ለእናንተ ነው። ወጣት ወላጆችን የሚመክር ሞልቷል፤ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ስልኩም ከእነሱ ጋር ያወራል። እኛን ግን «ሽማግሌ ይመክራል እንጂ አይመከርም» ተብሎ ደፍሮ የሚናገረን ጠፍቷል። እዚህ ወሎ ውስጥ ከደሴ እስከ ባቲ፣ ከኮምቦልቻ እስከ ከሚሴ፣ የልጅ ልጅ የሚያሳድግ አያት የሌለበት ቀበሌ አታገኙም። እናቲቱ ጅዳ ናት፣ ሪያድ ናት፣ ቤይሩት ናት፤ አባትየው ወይ ተከትሏት ሄዷል፣ ወይ ሌላ ትዳር ይዟል። ልጅ አሳድገን ጨረስን፣ ከእንግዲህ ወደ ጸሎታችንና ወደ ሶላታችን ባልንበት ዕድሜ፣ ዳግመኛ የተማሪ ካርድ የምንፈርም ወላጆች ሆነናል።

ስለዚህ ሳላለዝብ ልናገር። ልጆቻችን እውነቱን ለእኛ መንገር እየፈሩ ነው። የፈራ ልጅ ደግሞ ጭንቀቱን ታቅፎ ቁጭ አይልም፤ የሚሰማው ሰው ይፈልጋል። በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ልጅ ለመስማት ጊዜ አጥቶ የማያውቅ አንድ ሰው አለ። እሱም በሕገ ወጥ መንገድ ወደ ዐረብ አገር የሚያሻግረው ደላላ ነው።

ልጆቹ ለምን እንደፈሩን ለመረዳት የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን ነገር ተመልከቱ። ስርቆቱና ኩረጃው አገር ያወቀው ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ፈተናው አስቀድሞ አደባባይ ወጥቶ እስከ መሰረዝ ደርሷል። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ትምህርት ሚኒስቴር ልጆቹን በየዩኒቨርሲቲው ግቢ አስገብቶ፣ ስልክ ከልክሎ ይፈትናቸው ጀመር። ያን ጊዜ ገበናችን ተገለጠ። ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ አለፉ። በመጀመሪያው ዓመት አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,100 በላይ ነበሩ፤ በተከታዩ ዓመት ከ1,300 በላይ ሆኑ።

እስቲ ረጋ ብላችሁ አስቡት። ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላዩ ሲወድቁ፣ ወደቀ የሚባለው ልጁ ነው? ዕድሜዬን ሙሉ በጠመኔ አቧራ ውስጥ የኖርኩ ሰው ነኝና የምለውን አውቃለሁ። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱንም ባዮሎጂውንም በእንግሊዝኛ ይማራል፤ ቋንቋውን በወጉ ያስጨበጠው ግን የለም። ቤተ ሙከራ የተባለው ክፍል ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ የሌለበት ትምህርት ቤት አለ። በዚያ ላይ የእኛ አካባቢ ልጆች ያዩትን ታውቃላችሁ። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ዛሬ ለፈተና የሚቀርበው ልጅ በእናቱ ወይም በአያቱ እጅ ተጎትቶ የሸሸ ሕፃን ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአካባቢያችን በቀጠለው ግጭት በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። እንግዲህ ይህ ሁሉ ያለፈበትን ልጅ ነው «ምን ጎደለብህና ወደቅህ?» የምንለው።

ጠቅላላ አገር የወደቀበትን ፈተና፣ በየቤታችን ግን የአንድ ልጅ ነውር አድርገነዋል። «እሳት አመድ ወለደ» እንላለን። «የእከሌ ልጅ ግቢ ገባ፣ አንተ እዚህ ተጋድመህ ግድግዳ ትቆጥራለህ» እንላለን። ያ ግቢ ገባ የተባለው ልጅ ራሱ ያለፈው ለጥቂት እንደሆነ፣ ወይም የገባው በማካካሻ (ሪሜዲያል) ትምህርት እንደሆነ የሚያጣራ የለም። ለዱላነት እስካገለገለ ድረስ ሌላው ዝርዝር አያስፈልገንም።

አንድ ጎረቤቴ ቤት ያየሁትን ላውጋችሁ። ውጤት የወጣ ሰሞን ነው። አያቲቱ ጀበናውን ጥዳ የልጅ ልጇን በጎን እያየች ነው፤ ልጁ መደቡ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ይነክሳል። ኢሞ ጠራ። እናቱ ናት፣ ከጅዳ። ስክሪኑ በተሰነጠቀው ስልክ ላይ ፊቷ መጣ፤ የአሠሪዎቿ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ፣ ማዳሟ እንዳትሰማት ድምጿን ዝቅ አድርጋለች። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ «ስንት አመጣህ?» አለችው። ልጁ ስልኩን ወደ መስኮቱ አዞረና «እማ፣ አይሰማም፣ ኔትወርኩ…» ብሎ ዘጋው። ኔትወርኩ ደህና ነበር፤ እኔም አያቱም ጥርት አድርገን ሰምተናታል። አያቲቱ ቆጣ ብላ «ንገራት እንጂ! ለማን ብላ ነው በሰው አገር የምትቃጠለው?» አለችው። ልጁ መልስ አልሰጠም። ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

እናቲቱ ክፉ ሆና አይደለም። ጊዜዋ ከሌላ ሰው ላይ የተሰረቀ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ብታገኝ የሚያንገበግባትን ትጠይቃለች። አያቲቱም ለልጁ ነፍሷን የምትሰጥ ሴት ናት። ነገር ግን ልጁ ከሁለቱም ምን እንደሰማ አስተውሉ። የእናቱ ስደት ዕዳ ሆኖ በእሱ ትከሻ ላይ ተጭኗል፤ የሚከፈለውም በማርክ ነው። ማርኩ ከጎደለ እናቱን የከዳ ሆነ ማለት ነው። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ይህን ተሸክሞ እንዴት «እማ፣ አልሆነልኝም» ይበል? ኔትወርኩን ቢያሳብብ ይፈረድበታል?

እኛ ስናድግ ልጅ ትልቅ ሰው ፊት አይናገርም ነበር። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እየተባልን ነው ያደግነው። ወንዱ ሲያለቅስ «ሴት ነህ እንዴ?»፣ ሴቷ ስትቆጣ «አመለ ቢስ» ይባላል። ብዙዎቻችሁ «እኛስ በዚያ አድገን ምን ሆንን?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እኛ ያደግነው ሌላ ጆሮ ባለበት መንደር ነው። አባት ቢቆጣ አጎት ነበር፣ እናት ብትመታ ጎረቤት ትሸሽግ ነበር፣ የክርስትና አባት ነበር፣ እረኝነት ሜዳ ላይ የልብ የሚያወሩት እኩያ ነበር። የዛሬው ልጅ ከእኛ ዘንድ ዝምታን ሲያገኝ የሚዞረው ወደ ስልኩ ነው፤ ወይም ሰፈር ወዳለው ቤቲንግ ቤት ነው። ዝምታውን ከአባቶቻችን ወርሰን ዙሪያውን የነበረውን ሰው ግን አልወረስንም።

ሌላም አለ፤ እሱን ለመናገር ትንሽ ይከብደኛል፤ እናቶችና እህቶች እንዳይቀየሙኝ። ልጅ አንድ ጊዜ ደፍሮ የልቡን ቢነግረን፣ ምሥጢሩ ከሁለተኛው ቡና አያልፍም። «የእኔ ልጅ እኮ ሌሊት ይባንናል»፣ «የእኔዋ እኮ ትምህርት አስጠልቶኛል አለችኝ» እያልን ለጎረቤት እናወራለን። ለክፋት ብለን አናደርገውም፤ ጭንቀታችንን ለማቅለል ነው። ልጁ ግን በማግስቱ መንገድ ላይ የጎረቤቷ ልጅ ሲስቅበት ይሰማል። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ አፉን ለእኛ አይከፍትም፤ ብንለምነውም አይከፍትም። የራሳችንን ገበና ለመሸፈን ስንት እንደምንጠነቀቅ እያሰብኩ፣ የልጅን ገበና ገበና አለማለታችን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ወንዶቹም እድር ስብሰባ ላይ ያው ናችሁ።

አሁን ወደ ደላላው ልመለስ።

ደላላው ቀንድ ያለው አውሬ የሚመስላችሁ ካላችሁ ተሳስታችኋል። ብዙ ጊዜ የምናውቀው ሰው ነው፤ ሠርጋችን ላይ በልቷል፣ ለቅሷችን ላይ ተቀምጧል። መናኸሪያ አጠገብ ካለች ጀበና ቡና ቁጭ ብሎ አላፊ አግዳሚውን ያያል። ልጁን ሲያገኘው «ስንት አመጣህ?» አይለውም። «ምነው ፊትህ ጠቆረ? ና እስቲ ቡና ጠጣ» ይለዋል። ያስቀምጠዋል፣ ያስወራዋል፣ ሳያቋርጥ ይሰማዋል። «አንተማ ጎበዝ ልጅ ነህ፤ እዚህ አገር ሆኖብህ ነው እንጂ» ይለዋል። ያ ልጅ በዚያ ሰሞን ጎበዝ የሚለውን ቃል ከሌላ ሰው አፍ አልሰማም። ከዚያ ዋናው ነገር ይመጣል፦ «ገንዘብ አሁን አትከፍልም፤ ደርሰህ፣ ሠርተህ ትከፍላለህ።»

የሚቀጥለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። በባቲ በኩል ወደ አፋር ቆላ፣ ከዚያ የጅቡቲን በረሃ በእግር አቋርጦ ወደ ኦቦክ ጠረፍ፣ ከጠረፉ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ድንበር። በነፃ የተባለው ጉዞ ዋጋው የሚነገረው የመን ላይ ነው። አጋቾቹ ስልክ ይሰጡትና እየደበደቡ ያስደውሉታል። እዚህ በሬ ይሸጣል፣ መሬት በኮንትራት ይሰጣል፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ምንጣፍ ተነጥፎ ይለመናል። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከ150 በላይ ሰዎችን የጫነች ጀልባ በየመን አብያን ግዛት ዳርቻ ስትሰጥም፣ ከተሳፋሪዎቹ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ በርካቶች ሞተው ባሕር ዳር ላይ ተለቅመዋል። ስንቱ ቤተሰብ ልጁ ከቤት መውጣቱን ያወቀው ከሄደ በኋላ ነው!

ድህነቱን ረስቼ አይደለም። መሬት የለም፣ ሥራ የለም፣ ጦርነቱ አለ፤ እነዚህ ልጅን ያሰድዳሉ። እኔም እናንተም ሥራ ልንፈጥርለት አንችልም። ነገር ግን ተመካክሮ፣ ጊዜ ወስዶ፣ ሕጋዊውን መንገድ ጠይቆ የሚሄድ ልጅና ውጤት በወጣ በሳምንቱ ሌሊት ተነሥቶ የሚጠፋ ልጅ አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን ያባረረው ሐፍረት ነው፤ ሐፍረቱ ደግሞ የተመረተው እኛ ቤት ነው።

ሴቶቹ ልጆች ላይ ያለው ይብሳል። ዕድሜዋ መታወቂያ ላይ ተጨምሮላት ፓስፖርት የያዘች ሕፃን አይታችሁ ዝም ያላችሁ አላችሁ። አንዳንዷ ከትምህርት ቤት የምትሸሸው ትምህርት ከብዷት ሳይሆን መንገድ ላይ የሚያስቸግራት ሰው ስላለ ነው። ለአያቷ ብትነግር «አንቺ ምን አሳይተሽው ነው?» እንደምትባል ታውቃለች። ስለዚህ «ትምህርት አልወድም፣ ዐረብ አገር ላኩኝ» ትላለች፤ እኛም አምነን እንልካለን።

ስለ ሙያም የምለው አለኝ። በእኛ ቤት ለልጅ የተፈቀደው ምኞት ሁለት ነው፤ ዶክተር ወይም ኢንጂነር። መንግሥትም ለዓመታት ከመቶው ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይግባ እያለ ነገሩን አባብሶታል። ዩኒቨርሲቲው ከጥቂት ተነሥቶ ከ40 በላይ ሆነ፤ ዲግሪውም በዛ። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና በመላው የትምህርት መስክ ሲጀመር ያለፉት ከተፈታኞቹ 40 በመቶ ገደማ ነበሩ። ዛሬ ጋውን ለብሶ የተነሣውን ፎቶ ሳሎን ሰቅሎ፣ እሱ ግን ባጃጅ የሚነዳ ምሩቅ በየሰፈሩ አለ። ባጃጅ መንዳቱ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ከዓመታት በፊት ምን እንደሚወድ የጠየቀው ሰው አለመኖሩ ነው።

የእጅ ሥራን የመናቅ በሽታችን አርጅቷል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጁን በሥራው የሚሰድበውን በአዋጅ ከልክለው ነበር። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ስድቡ ግን መልኩን ለውጦ ቤታችን ውስጥ ተቀምጧል። ቴክኒክና ሙያን የምናነሣው ለማስፈራሪያ ነው፤ «ካላጠናህ ቴክኒክና ሙያ ነው የምትገባው!» እንላለን። እንዲህ እየተባለ ያደገ ልጅ እንዴት ኩራት ይዞ ብየዳ ይማር? የሰፈራችን አንድ ልጅ ገና በአሥራ አራት ዓመቱ የጎረቤቱን ሁሉ ምጣድና ካውያ የሚጠግን ነበር፤ የተቃጠለውን ሽቦ በማሽተት ብቻ ያገኘዋል። ኤሌክትሪክ ልማር ቢል አያቱ «የመምህር ዘር ሽቦ ሊጎትት?» አሉት። ማኅበራዊ ሳይንስ ገብቶ ሁለት ጊዜ ተፈተነ፤ ሁለቱንም ጊዜ አላለፈም። አሁን ያለው ሳዑዲ፣ ታይፍ ነው። ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም።

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ11ኛና በ12ኛ ክፍል የሙያ ትምህርቶችን አስገብቷል፤ መልካም ነው፤ መምህርና መሣሪያ ይሟላለት እንጂ። ቤት ውስጥ ያለው ንቀት ካልተነሣ ግን የትኛውም ሥርዓተ ትምህርት አያድነንም። ቧንቧ ሠራተኛ ቤታችን ሲመጣ «ጋሼ» ብለን ተማጽነን፣ ሲወጣ ልጃችንን «እንደሱ እንዳትሆን» የምንል ሰዎች ነን።

«እና ምን እናድርግ? ልጅ አንቆጣ?» ትሉኝ ይሆናል። ተቆጡ። ሥርዓት የሌለው ቤት ቤት አይደለም፤ ሳያጠና የዋለውን ሳያጠና ዋልክ በሉት፣ የዋሸውን ዋሸህ በሉት። የምለምናችሁ ቁጣው በሥራው ላይ እንዲሆን፣ ማንነቱ ላይ እንዳይወርድ ነው። «ዛሬ አላጠናህም» ይታረማል፤ «አንተ ድሮም ሰው አትሆንም» ግን ልጁ የሚያምነው ትንቢት ነው። አባቶቻችን «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» ያሉት ለሕፃን ብቻ አይደለም፤ የአሥራ ስምንት ዓመቱ ልጅም የራሱ ንፍጥ አለው።

ልጁ ሲናገር አታቋርጡት። የነገራችሁን ለእህታችሁም ቢሆን ሳታስፈቅዱት አትናገሩ። ጅዳ ላሉት ልጆቻችሁም ንገሯቸው፤ ሲደውሉ መጀመሪያ የሚጠይቁት እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ጓደኛውን ይሁን። ምልክቶቹንም ዕወቁ። ስልኩን ወይም ጫማውን ድንገት የሸጠ፣ ልብሱን ለወንድሙ ያደለ፣ ያለ በዓል «መርቁኝ» ብሎ እግር የሳመ፣ ከእኩዮቹ ጋር ማታ ማታ የሚንሾካሾክ ልጅ ሊሄድ ይሆናል። ምግብ የተወ፣ በሩን ዘግቶ የሚውል፣ «ብሞት ይሻላል» የሚል ደግሞ ሲቀልድ አይደለም፤ ብቻውን አትተዉት፣ ቁጭ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፣ ሆስፒታል ውሰዱት። ጠበሉንም ዱዓውንም አልከለከልኩም፤ ከሐኪሙ ጋር አብረው ይሂዱ።

ሼሆቹንና ቄሶቹን፣ የእድር ዳኞቹንም አንድ ነገር እለምናለሁ። መንደሩ ደላላውን ያውቀዋል። ሠርግ ላይ የክብር ቦታ የምትሰጡት፣ ለቅሶ ላይ ወንበር የምትለቁለት እናንተ ናችሁ። ልጅ የሸጠ ሰው በእድር መዝገብ ውስጥ ስሙ ለምን ይቀመጣል? በሚቀጥለው ስብሰባ ይህን ሳታነሡ እንዳትበተኑ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ውጤት የሚወጣው አዲስ ዓመት አካባቢ ነው፤ ቤቱ በእንግዳ በሚሞላበት ሰሞን። ዳቦ ተቆርሶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ከእንግዶቹ አንዱ ልጁን በሰው መሐል «እህሳ፣ ስንት አመጣህ?» ማለቱ አይቀርም። ልጁ እንዲመልስ አትጠብቁት። እናንተ ቅደሙና «እሱ የእኛ የቤት ጉዳይ ነው፤ ይልቅ ቡናህን ጠጣ» በሉልኝ።